አራተኛው መስመር

ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ቆሜ፣
የሰው ደብዳቤ ስመታ በማኅተሜ፣
አንድ ነገር ለመድኩ፤
ከቃሉ ይልቅ እጁን አነበብኩ።

ጡረታ ስወጣ ታይተስቪል ገባሁ፤
ከወንዙ ማዶ የማስወንጨፊያው ማማ የሚታይበት ቤት ተከራየሁ።
ጎረቤቶቼ ዓሣ ያጠምዳሉ፣
እኔ ፊርማ።
የፊተኞቹን፤ ሰማይ ገና ደጅ ሳይኖረው
እንደ ሰርዲን በቆርቆሮ ታሽገው
የወጡትን ሰዎች።
የሆቴል ደረሰኝ፣ የነዳጅ ኩፖን፣
የልብስ ንጽሕና ቤት ሂሳብ፣ የሐኪም ፎርም፤
"ክብደት፦ መቶ ሃምሳ ስምንት ፓውንድ። ጥርስ፦ ደህና።"
ከሥር ስም።
ጨረቃን የሚያክል ወሬ አልፈልግም፤
አንድ ሰው፣ አንድ ማክሰኞ፣ እስክሪብቶ ይዞ
እዚህ ወረቀት ላይ ጎንበስ ማለቱን ነው የምፈልገው።

ማሽን እንደሚፈርም አውቃለሁ፤
የብረት ክንድ፣ የማይደክም፣ የማያመነታ፣
መቶውን አንድ ዓይነት፣ አንድ ቦታ።
ሁለቱን ደርቤ ወደ መስኮት ሳነሣቸው
ልክ ለልክ ከገጠሙ፣ ሐሰት ናቸው።
ሰው ራሱን ሁለቴ አይመስልም።
ይህን የማያውቅ ይከስራል፤ እኔ አልከስርም።
(እንዲህ ነበር የምለው።)

የሮስኮ ሃልስትሮምን ፎቶ የገዛሁት
የሁለት ወር ጡረታዬን ከፍዬ ነው።
ነጭ የጠፈር ልብስ፣ የራስ ቁሩ በብብቱ፣
ከጉልበቱ በታች በሰማያዊ ቀለም ስሙ፤
የኤቹ አግዳሚ ከፊደሉ አልፎ
እስከ ስሙ ጫፍ ይሄዳል፣
እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቦ።
ይህን ማሽን አይሠራውም አልኩ፤
ይህ ሰው ነው፣ በአጉሊ መነጽሬ ማልኩ።

ባለቤቱ ቬርና፣ ሰማንያ ስምንቷ፣
ከኮኮዋ ከተማ ወጣ ብሎ ነው ቤቷ፤
ጣራው በባሕር ጨው የተበላ።
"የሚሸጥ የለኝም፣ የሚታይ ግን አለ" ብላ
ከመሳቢያ አወጣች፦
የልጃቸው የጁን የሦስተኛ ክፍል ካርድ።
ሂሳብ፦ ደህና። ንባብ፦ በጣም ጥሩ።
"ክፍል ውስጥ ታወራለች" ይላል የመምህሯ ምሬት፤
ከሥሩ ለወላጅ ፊርማ አራት መስመር፣
ለአራት ሩብ ዓመት።

አንደኛው፦ ሮስኮ ሃልስትሮም፣ በጥቁር ቀለም።
ሁለተኛው፦ ሮስኮ ሃልስትሮም፣ ቀለም አልቆበት
ወረቀቱን እየጫረ የጨረሰው።
ሦስተኛው በእርሳስ ነው፤ የመኪና ኮፈን ላይ አስደግፎ ይመስላል፣
ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ፊደሉም ይንቀጠቀጣል።
የኤቹ ሁለት ቋሚ፣ የተራራቀ ሁለት እንጨት፣
አግዳሚው አጭር፣ አንዱንም ሳይነካ የቀረ።

ከዚያ ሚያዝያ መጣ፤
ጭጋግ፣ የልምምድ አውሮፕላን፣
ማረፊያው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው።
ሰማይ ያላስቀረውን ሜዳ አስቀረው።

አራተኛው መስመር፦ ቬርና ሃልስትሮም።
አግዳሚው ከፊደሉ አልፎ እስከ ስሙ ጫፍ፣
እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቦ።

መነጽሬን አላወጣሁም፤ አላስፈለገም።
ዓይኔ የት እንደቆመ አይታለች።
"በከረጢት በከረጢት ነበር የሚመጣው" አለች፤
"እሱ ሳምንቱን ሙሉ የለም። ልጆቹ ሲተኙ
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፤
ከካንሳስ፣ ከኦስሎ፣ አንዱ ልጅ ከሆስፒታል አልጋ።
ባዶ እጃቸውን ልመልሳቸው?
እሱ ራሱ የሚፈርመው ይህን ካርድ ብቻ ነበር፤
'ይቺ የእኔ ናት' ይላል።"

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤
በማን እጅ እንደሚውል ግን አይባልም።
የግድግዳዬን ፎቶ አሰብኩ፣ የሁለት ወር ጡረታዬን።
ሰው መሆኑን አልሳትኩም፤
ሰውየውን ነው የሳትኩት።

ከቦርሳዬ ንጹሕ ፖስታ አወጣሁ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶም።
"ይፈርሙልኝ" አልኳት።
ክዳኑን ነቀለች። ጎንበስ አለች።
ደግሞ ቀና ብላ፣
"የማንን?" አለች።